ከጎረቤቴ የተሰጡኝን ባቡሮችና መኪናዎች በራሴ ገበታ ላይ እንዴት ላስኬዳቸው?

የድሬ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለልጄ ስምንተኛ ዓመት ልደት ብዬ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛሁት አንድ የፒኮ ፋብሪካ የሞዴል ባቡር ጀማሪ ሳጥን እያደገ ሄዶ፣ ዛሬ ጀርመን አገር በምንኖርበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ 2.40 በ1.20 ሜትር የሆነ የእንጨት ገበታ ይዟል። በገበታው ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ዙሮች አሉ፤ የውስጠኛው ኩርባ ሬዲየስ 360 ሚሊሜትር፣ የውጭኛው ደግሞ 421.88 ሚሊሜትር ነው። ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግር አራት ማቀያየሪያ፣ ከጄሶ የሠራነው አንድ ተራራ ከነዋሻው፣ አንዲት ትንሽ ጣቢያ፣ እንዲሁም ልጄ ራሷ ቀለም የቀባቻቸው ሱቆች አሉበት። መጠኑ ኤች ዜሮ ነው፤ ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። የምንቆጣጠረውም በዲጂታል መሣሪያ ነው።

ባለፈው ወር አረጋዊት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩተው ሦስት ትልልቅ ካርቶኖች አስረከቡኝ። ባለቤታቸው ካረፉ አንድ ዓመት አልፏል። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ልጄን እየጠሩ የራሳቸውን ባቡር ያሳዩአት፣ መቆጣጠሪያውንም ያስይዟት ነበርና፣ ሴትዮዋ «እኔ ዘንድ አቧራ ከሚጠጡ እሷ ጋር ይሂዱ» አሉኝ። ካርቶኖቹ ውስጥ ሜርክሊን የተባለው የሞዴል ባቡር ፋብሪካ የሠራቸው ሦስት ሎኮሞቲቮች፣ አሥራ አንድ የሜርክሊን የዕቃ ፉርጎዎች፣ የሌላ ፋብሪካ ሥራ የሆኑ አምስት ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች፣ በአንድ የጫማ ካርቶን ደግሞ ብዙ አውቶቡስና የጭነት መኪና አገኘሁ። እኔም በደስታ ብዛት በዚያው ሳምንት አንድ አዲስ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ገዝቼ ጨመርሁ።

ደስታው ግን ወዲያው ወደ ጭንቀት ተለወጠ። ከሜርክሊኖቹ የዕቃ ፉርጎዎች አንዱን ሐዲዱ ላይ እንዳስቀመጥሁት መቆጣጠሪያው ቀይ መብራት አብርቶ ኃይሉን ዘጋ፤ ሌላውንም ሞከርሁ፣ ያው ሆነ። የመንገደኛ ፉርጎዎቹ 303 ሚሊሜትር ርዝመት ስላላቸው፣ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ ጎናቸው ጄሶውን እየፋቀ ያልፋል። በሁለቱ ዙሮች ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ባስኬድኋቸው ጊዜ ደግሞ ኩርባው ላይ ተነካክተው ሁለት ፉርጎዎች ሐዲድ ሳቱ። ከሁሉ የከፋው አዲሱን ሎኮሞቲቭ ባስነሣሁበት ምሽት የደረሰው ነው። የሚንቀሳቀሰው አዲሱ ብቻ መስሎኝ ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ሳለ፣ ማዶ ተራ ይጠብቅ የነበረው አሮጌው ሎኮሞቲቫችን አብሮ ተነሥቶ፣ ሐዲዱ ከሚያልቅበት ጫፍ አልፎ ወለል ላይ ወደቀ። የፊት መወጣጫ ደረጃው ተሰበረ፤ ልጄም አለቀሰች።

እንግዲህ ጥያቄዬ እነዚህን አዳዲስ ባቡሮችና መኪናዎች ባለኝ ገበታ ላይ ለማስገባት ከየት ልጀምር የሚል ነው። የሟቹን ጎረቤታችንን ሎኮሞቲቮች መሸጥ አልፈልግም። አንድ ነገር ልጨምር፤ አባቴ ድሬዳዋ በባቡር ጥገና ወርክሾፕ ውስጥ የሠራ ሰው ስለሆነ፣ አንድ ቀን የዚያን መስመር ባቡር በዚህ ገበታ ላይ ማየት የዘወትር ምኞቴ ነው። የምታውቁ ብትረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አሮጌ ሐዲድ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር በማቅረብዎ መልሱን አቀለሉልን። ለልጅዎም አይዞሽ በሏት፤ የመወጣጫ ደረጃ መለዋወጫው ይገኛል፣ በፕላስቲክ ሙጫም ይጠገናል። እኔ ስለ መንኮራኩሩና ስለ ኩርባው ልናገር፤ የኤሌክትሪኩን ነገር ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ አሉ።

መጀመሪያ ስለ ሜርክሊኖቹ። የእርስዎ ሐዲድ ባለ ሁለት መስመር ነው። ኤሌክትሪኩ በአንዱ የብረት መስመር ገብቶ በሌላው ይመለሳል፤ ስለዚህ የአንድ አክስል (መንኮራኩሮቹን የሚያያይዘው ዘንግ) ግራና ቀኝ መንኮራኩሮች በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መለያ ሊኖራቸው የግድ ነው። ሜርክሊን በኤች ዜሮ የሚከተለው ሥርዓት ሌላ ነው። አንደኛው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች ይመጣል፣ ሎኮሞቲቩም ከሆዱ ሥር ባለው ተንሸራታች ብረት ይቀበለዋል፤ ሁለቱ የጎን ሐዲዶች ደግሞ በአንድነት መመለሻ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ግራና ቀኙን መለየት ስለማያስፈልግ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። እርስዎ ያንን ፉርጎ ባለ ሁለት መስመር ሐዲድ ላይ ሲያስቀምጡት፣ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አንድ ቁራጭ ሽቦ እንዳጋደሙ ይቆጠራል። መቆጣጠሪያው ኃይሉን መዝጋቱ ሥራውን በትክክል መሥራቱ ነው።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለዎት ድምፅ በሚያሰማው መለኪያ ላይ አድርገው ሁለቱን መንኮራኩሮች ይንኩ፤ ከጮኸ መለያ የለውም ማለት ነው። ማንኛውንም ያገለገለ ፉርጎ ሐዲድ ላይ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ቢያደርጉ ብዙ ድካም ይቀርልዎታል። መድኃኒቱ አክስሉን መለወጥ ነው። ሜርክሊን ራሱ ለባለ ሁለት መስመር ሐዲድ የሚሆን መለወጫ አክስል ይሸጣል፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም አላቸው። የቦጊውን (አክስሎቹን የሚይዘውን ክፈፍ) ሁለት ጎኖች በጣትዎ በትንሹ ከፈት አድርገው አሮጌውን ያወጣሉ፣ አዲሱንም ያስገባሉ። ሆኖም ከመግዛትዎ በፊት የአሮጌውን አክስል ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በካሊፐር ይለኩ። አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢያጥር ፉርጎው ይንገዳገዳል፣ ቢረዝም ደግሞ ይጨናነቃል፤ ትክክለኛው በትንፋሽ እፍ ሲሉት የሚሽከረከረው ነው። አዲሱ ከገባ በኋላም በሁለቱ መንኮራኩሮች የውስጥ ገጽ መካከል 14.4 ሚሊሜትር ያህል መኖሩን ያረጋግጡ። የሜርክሊኑ ወደ 14 ጠበብ ስለሚል፣ የመንኮራኩሩ ከንፈር የእርስዎ ማቀያየሪያ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

ክብደቱንም ይመዝኑ። በአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር መመሪያ መሠረት ኤች ዜሮ ፉርጎ 28 ግራም፣ በላዩም ለእያንዳንዱ 2.54 ሴንቲሜትር ርዝመት 14 ግራም ቢኖረው ይመከራል። ስለዚህ 15 ሴንቲሜትር የሆነ የዕቃ ፉርጎ 112 ግራም ገደማ ሊመዝን ይገባል ማለት ነው። ባዶ ፉርጎ ቀሎ ከተገኘ ወለሉ ላይ ትንሽ የእርሳስ ወይም የብረት ቁራጭ ቢጣበቅበት፣ በተለይ በረጅም ባቡር መካከል ሲጎተት ኩርባው ላይ ወደ ውስጥ አይገለበጥም።

ሎኮሞቲቮቹ ግን የተለየ ጉዳይ ናቸው። መንኮራኩር ቢለወጥላቸው እንኳ ኃይል የሚቀበሉት በሆዳቸው ነው። ቀይሮ ማስተካከል ቢቻልም ሥራው ከባድ ነው፤ ከዋናው መልካቸው ስለሚወጡም እኔ ብሆን አላደርገውም። ይልቅስ በአንድ ግድግዳ በኩል ጠባብ መደርደሪያ ሠርተው፣ የሜርክሊንን ባለ ነጥብ ሐዲድ አንድ ዙር ወይም ቀጥ ያለ መስመር ቢዘረጉላቸው፣ ጎረቤትዎ እንደተዉአቸው ሆነው ይሄዳሉ። ሰውየው ያስኬዷቸው በነበረበት ሥርዓት ቢሄዱ ለልጅዎም የበለጠ ትርጉም የሚሰጣት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኩርባው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ስሌት ይታገሱኝ። የእርስዎ የመንገደኛ ፉርጎ እውነተኛው 26.4 ሜትር የሆነው የጀርመን ፉርጎ ነው፤ ለ87 ሲካፈል 303 ሚሊሜትር ይሆናል። የሁለቱ ቦጊዎች ማዕከላት የሚራራቁት በእውነተኛው 19 ሜትር፣ በሞዴሉ 218 ሚሊሜትር ነው። ኩርባ ላይ ሐዲዱን የሚከተሉት ቦጊዎቹ ብቻ ናቸው፤ የፉርጎው ወገብ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ወገቡ ምን ያህል እንደሚገባ ለማወቅ የቦጊዎቹን ርቀት በራሱ አባዝተው፣ የተገኘውን ለሬዲየሱ ስምንት እጥፍ ያካፍሉ። በ360 ሚሊሜትሩ ኩርባ 218 ጊዜ 218 ሲካፈል ለ2,880፣ 16.5 ሚሊሜትር ይሰጣል። ለጫፎቹ ደግሞ 303 በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ ላይ 218 በራሱ ተባዝቶ ይቀነስና በዚያው 2,880 ይካፈላል፤ 15.4 ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱን ባቡሮችዎን ኩርባው ላይ እናገናኛቸው። በውስጠኛው ዙር ያለው ፉርጎ ጫፉ 15.4 ወጥቷል፣ የጎኑ ግማሽ ወርድ 16.2 ነው። በውጭኛው ዙር ያለው ወገቡ 14.1 ገብቷል፣ ግማሽ ወርዱ ያው 16.2 ነው። አራቱ ሲደመሩ 61.9 ሚሊሜትር ናቸው። በሁለቱ ሐዲዶችዎ መሐል ያለው ርቀት ደግሞ 421.88 ሲቀነስ 360፣ ማለትም 61.88 ነው። ስለዚህ መነካካታቸው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የቀረ ቦታ ስለሌለ ነው።

እኔ የምመክረው ሁለቱንም ዙሮች አንድ አንድ ደረጃ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ውስጠኛው 421.88፣ ውጭኛው 483.75 ይሁን። በዚያ ጊዜ ያው ድምር ወደ 57.8 ይወርድና 4 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይገኛል። የትልቁ ዙር ስፋት 967.5 ሚሊሜትር ስለሚሆን በ1.20 ሜትር ገበታዎ ላይ በየጎኑ ከ11 ሴንቲሜትር በላይ ይተርፋል። ይህን ካልፈለጉ ደግሞ ረጃጅሞቹን ለውጭኛው ዙር ብቻ ይመድቧቸው፤ ወይም ርዝመታቸው ወደ 282 ሚሊሜትር ያጠሩ ፉርጎዎችን ይፈልጉ፤ እነዚያ አሁን ባለዎት ኩርባ ላይ ሳይነካኩ ያልፋሉ። ዓይን ግን ማጠራቸውን ያያል፣ አምስቱ ረጃጅሞችም የስጦታው አካል ናቸው።

ጄሶውን ከመቁረጥዎ በፊት ከረጅሙ ፉርጎ ወገብና ጫፎች ላይ እርሳስ በፕላስተር አስረው፣ ከሐዲዱ ሥር ካርቶን አንጥፈው፣ ፉርጎውን በእጅ ቀስ እያሉ ይግፉት። እርሳሱ በውስጥና በውጭ የሚያሰምረው መስመር ለዋሻው አፍ፣ ለጣቢያው መድረክ፣ ለመብራት ምሰሶውና ለዛፉ ሁሉ ወሰን ነው። ከመስመሩ ሌላ 5 ሚሊሜትር ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም አዲስ ባቡር ሲገባ መጀመሪያ በዚያ ካርቶን ላይ ይፈተን።

ሽቦና ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምኖር የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ነኝ፤ ባለቤቴና ወንዶች ልጆቼ ባቡር ሲያስኬዱ ሽቦውን የምዘረጋው እኔ ነኝ።

ወንድሜ፣ ሁለቱ ሎኮሞቲቮች አብረው የተነሡት ሁለቱም አድራሻቸው 3 ስለነበረ ነው። በዲሲሲ፣ ማለትም በዲጂታል መቆጣጠሪያ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ዲኮደር (ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ተቀባይ) የራሱ ቁጥር አለው፣ መቆጣጠሪያው የሚናገረውም ቁጥሩን እየጠራ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ግን ሁሉም እንደ ልማዱ ቁጥር 3 ተሰጥቷቸው ይወጣሉ። የእርስዎ አሮጌ ሎኮሞቲቭም እስካሁን ብቻውን ስለነበረ ቁጥሩን መለወጥ አላስፈለገዎትም ነበር። አዲስ ሎኮሞቲቭ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ከሐዲዱ ላይ ይነሣ፤ ወይም ከዋናው መስመር የተለየ የመጻፊያ ሐዲድ ያዘጋጁ። ከዚያ ሲቪ 1 በሚባለው የዲኮደሩ ማስተካከያ ቦታ ላይ አዲሱን ቁጥር ይጻፉ። በጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ቢሰጡት ልጅዎም ሳትጠይቅዎ ታገኘዋለች። በመጻፊያ ሐዲድ ላይ የሚጻፈው እዚያ ለተገኘው ሎኮሞቲቭ ሁሉ ስለሆነ ሁለቱን አብረው አያስቀምጡ።

በዚያው አጋጣሚ ሲቪ 3ን እና ሲቪ 4ን ይመልከቱ። የመጀመሪያው የመነሻውን፣ ሁለተኛው የመቆሚያውን ዝግታ ይወስናል። አዲሱን ሎኮሞቲቭ ፉርጎ ሳያስሩበት ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ በመካከለኛ ፍጥነት ያስኬዱት፤ ማርሾቹ ይላመዳሉ፣ ቅባቱም ይዳረሳል።

ስለ ኃይሉ አንድ ነገር ልበል። የጎረቤትዎ የመንገደኛ ፉርጎዎች የውስጥ መብራት ካላቸውና አምፖላቸው የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ አንዱ አምፖል 50 ሚሊአምፔር ያህል ይበላል። በየፉርጎው ሁለት ሁለት ቢኖር አምስቱ ፉርጎ ብቻ ግማሽ አምፔር ወሰደ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ተጨማሪ ሎኮሞቲቭ የሚበቃ ኃይል ነው። በኤልኢዲ ቢቀይሯቸው ከዚያ ጥቂቱን ብቻ ይወስዳሉ። ሐዲዱንም በአንድ ቦታ ብቻ አይመግቡት። ከገበታው ሥር ሁለት ወፍራም ሽቦዎችን ዙሪያውን ዘርግተው፣ በየሁለት ሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ ያውጡ። ከዚያ ከመቆጣጠሪያው በጣም በሚርቀው ቦታ ሁለቱን ሐዲዶች በሳንቲም ያገናኙ። ኃይሉ ወዲያው ከተዘጋ መልካም ነው፤ ካልተዘጋ ሽቦው ቀጥኗል፣ አንድ ቀንም ባቡር ሐዲድ ስቶ ሲቆም መንኮራኩሩ ሊግል፣ ፕላስቲኩም ሊቀልጥ ይችላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዲኮደር የሌለውን ሎኮሞቲቭ በዲጂታል ሐዲድ ላይ አያቁሙ፤ ቆሞ እያለ እየጮኸ ሞተሩ ይሞቃል። የሟቹ ጎረቤትዎ አሮጌ ትራንስፎርመር ካርቶኑ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ገመዱ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ሶኬት ውስጥ አያስገቡት። ለመታሰቢያ ይቀመጥ፣ ለሥራ ግን አዲስ ይግዙ። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ።

የድሬ ልጅ (ጠያቂ)

አሮጌ ሐዲድንና እህቴን ሽቦና ብርሃንን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሑድን ምድር ቤት አሳለፍን። የአዲሱን ሎኮሞቲቭ ቁጥር 18 አደረግነው፤ አሮጌው በ3 ቀረ። አሥራ አንዱንም የዕቃ ፉርጎዎች በመልቲሜትር ስንፈትሽ አሥሩ ጮኹ። አሥራ አንደኛው ዝም አለ፤ ገልብጠን ስናየው ጎረቤታችን ራሳቸው አክስሉን የለወጡበት ሆኖ ተገኘ፣ ከወለሉ ሥርም በእርሳስ ቀኑን ጽፈዋል። ልጄ የእጅ ጽሑፋቸውን ስታይ ለረጅም ጊዜ ፉርጎውን አልለቀቀችም። የሌሎቹን አክስል ርዝመት ለክተን አዘናል።

በሳንቲሙ ፈተና ወደቅን። ከዋሻው ጀርባ ሳንቲሙን ስናጋድመው ኃይሉ ሳይዘጋ ጥቂት ሰከንድ ቆየ፤ ሳንቲሙም ሞቀ። በማግሥቱ አራት ቦታ ላይ ተጨማሪ ሽቦ አስገባሁ፣ አሁን ወዲያው ይዘጋል።

ዙሮቹን ወደ ውጭ ለመግፋት ወስነናል። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን የቀሩ ጥያቄዎቼን ብትመልሱልኝ፤ የመኪናዎቹንና የድሬዳዋውን ባቡር ነገር። ሐዲዱ አንዴ ከተነሣ ለሁሉም ቦታ ማሰብ እፈልጋለሁ።

ፉርጎ ቁጥር ሰባት

የድሬ ልጅ፣ እኔም ልጅነቴን ከባቡር መስመሩ ብዙ ሳልርቅ ያሳለፍሁ ነኝና ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው አልተውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የትኛውን የድሬዳዋ ባቡር እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ በገበታ ላይ ሁለቱ አይገናኙምና። አባትዎ የሠሩበት አሮጌው መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ማለት ነው። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ለዚህ የተመደበው የሞዴል ሐዲድ ኤች ዜሮ ኤም የሚባለው፣ ስፋቱ 12 ሚሊሜትር የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል፣ ይኸውም አሁን ገበታዎ ላይ ያለው ሐዲድ ነው። ስለዚህ የአዲሱን መስመር ባቡር ከፈለጉ፣ ስድስት አክስል ያለውን አንድ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቀለም ቀብተው ባለዎት ላይ ያስኬዱታል። ለአሮጌው ግን ሌላ ሐዲድ መዘርጋት ግድ ነው።

እኔ የሠራሁት አሮጌውን ነው። የስዊዘርላንድ ተራራማ መስመር የሆነው የሬቲያን ባቡር እሱም ባለ አንድ ሜትር ስለሆነ፣ ቤሞ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ለእሱ የሚሠራቸውን ሞዴሎች መነሻ አደረግሁ። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1894 ከዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ያገኘው ኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግም ስዊዘርላንዳዊ ነበርና፣ ይህ ዝምድና ደስ ይለኛል። ያገለገለ የዲዝል ወይም የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ገዝቼ፣ ሞተሩንና ቦጊውን ብቻ አስቀርቼ፣ አካሉን ከአንድ ሚሊሜትር የፕላስቲክ ሉህ ቆርጬ ሠራሁት። ፎቶግራፍ ላይ ሰው ከጎኑ የቆመበትን እየፈለግሁ፣ የሰውየውን ቁመት 1 ሜትር ከ70 ብዬ እየገመትሁ የመስኮቶቹንና የበሮቹን ልክ አወጣሁ። አባትዎ በሕይወት ካሉ ከእኔ ፎቶግራፍ ይልቅ እሳቸውን ይጠይቁ። ቀለሙን፣ የመወጣጫውን ቦታ፣ ጭሱ የሚወጣበትን ጎን እጁን ዘይት የነካው ሰው ነው የሚያውቀው።

የ12 ሚሊሜትሩን ሐዲድ ከፊት ለፊት፣ በገበታው ጠርዝ በኩል ይዘርጉት። ዙሮቹን ሲገፉ በየጎኑ 11 ሴንቲሜትር እንደሚተርፍ አሮጌ ሐዲድ ነግረውዎታል፤ ለአንድ ቀጥ ያለ መስመርና ለአንዲት ጠባብ መድረክ ይበቃል። ሁለቱ ሐዲዶች መቼም አይገጣጠሙም፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ቆመው ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚራገፍበት መጋዘን ቢሠሩ አብረው መኖራቸው ምክንያት ያገኛል። መቆጣጠሪያው አንድ ዲጂታል መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህኛውም የራሱን ቁጥር መስጠት ብቻ ነው። የተገዛው ሎኮሞቲቭ ዲኮደር ከሌለው ክፍት የሆነ መሰኪያ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ በጠባብ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሽቦ መበየድ ያስቸግራል።

የመስመሩን ርዝመት ሁሉ መሥራት የሚያስመኝዎት ከሆነ 784 ኪሎሜትር ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎሜትር ነው። እኔ የመረጥሁት 90 ሴንቲሜትር የሚሆን የጣቢያ ክፍል ነው፤ ባቡሩ ከአንድ ጎን ገብቶ፣ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ ተመልሶ ይወጣል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው መድረኩ ላይ ሻጮች የሉም ብላ ቅር አላት። አሁን ብርቱካንና ሙዝ የያዙ ሰባት ሴቶች አሉበት።

አሮጌ ሐዲድ

የመኪናዎቹን ነገር እኔ ልጨርሰው። ከጫማ ካርቶኑ ያወጧቸውን ሁሉ ከማስቀመጥዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩ። 12 ሜትር የሆነ አውቶቡስ በ1 ለ87 መጠን 138 ሚሊሜትር ርዝመት፣ ወርዱ 29 ሚሊሜትር ያህል ሊሆን ይገባል። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ቁመቱ 20 ሚሊሜትር ነው። ከመኪናዎቹ መካከል የልጆች መጫወቻ የሆኑት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣሉ፤ ከባቡሩ አጠገብ ሲቆሙ ባቡሩን ያሳንሱታል። ትንሽ የሚበልጠውን ወደ ፊት፣ ከተመልካቹ አጠገብ፣ ከሐዲዱ ራቅ አድርገው ቢያቆሙት ግን ብዙም አይታወቅም።

ከመኪናዎቹ አንዳንዶቹ የፊት ጎማቸው ግራና ቀኝ የሚዞር፣ ከፊት አክስላቸው በታችም ትንሽ ማግኔት የተንጠለጠለባቸው ከሆነ፣ ፋለር የተባለው ፋብሪካ የመንገድ ሥርዓት መኪናዎች ናቸው፤ ቆመው እንዲቀሩ አይተዉአቸው። በውስጣቸው በሚሞላ ባትሪ ይሄዳሉ፤ ከመንገዱ ገጽ ሥር የተቀበረ ቀጭን የብረት ሽቦ ማግኔቱን እየሳበ መሪያቸውን ይመራዋል። መንገዱ ላይ ቦይ ቆፍረው፣ ሽቦውን ቀብረው፣ በመሙያ ደልድለው፣ በአሸዋ ወረቀት እስኪለሰልስ ያሹታል፤ ጥፍርዎን ሲያስሄዱበት ምንም ሊሰማዎት አይገባም። መኪናው በባቡር ማቋረጫ ላይ እንዲቆም ከመንገዱ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ይቀበራል። ሽቦው ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ግን ተቆርጦ ክፍተት ይተውለት፤ ሁለቱን ሐዲዶች ከነካ ያው የሜርክሊኑ ፉርጎ ችግር ይደገማል። ሃምቡርግ በሚገኘው ትልቁ የሞዴል ባቡር ትርዒት በሚኒያቱር ቩንደርላንድ አብዛኞቹ መኪናዎች የሚሄዱት በዚሁ በሽቦና በማግኔት መርህ ነው፤ ከልጅዎ ጋር አንድ ቀን ሄደው ቢያዩት ከእኔ ገለጻ የበለጠ ይረዱታል።

ቆመው የሚቀሩትን መኪናዎች በተመለከተ፣ ኩርባው ላይ በውስጥ በኩል ከሐዲዱ መሐል እስከ 40 ሚሊሜትር ድረስ ምንም አያቁሙ። የእርሳሱ መስመር የሚነግርዎትም ይህንኑ ነው።

የድሬ ልጅ (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ዙሮቹ 421.88 እና 483.75 ሆነዋል። የዋሻውን አፍ በእርሳሱ መስመር ልክ ስንቆርጥ ከጠበቅነው በላይ ጄሶ ወደቀና ተራራውን ግማሹን እንደ አዲስ ሠራነው። ትናንት ማታ አምስቱን ረጃጅም ፉርጎዎች ሦስት በውጭ፣ ሁለት በውስጥ አድርገን በተቃራኒ አቅጣጫ አስኬድናቸው። ኩርባው ላይ ሲተላለፉ ጎንበስ ብዬ በመሐላቸው ያለውን ብርሃን አየሁት፤ ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

ለሜርክሊኖቹ በመስኮቱ ሥር ሁለት ሜትር የሆነ መደርደሪያ ሠራሁ፣ ትራንስፎርመሩም አዲስ ነው። ጎረቤታችን እሑድ ለቡና መጥተው ነበር። ልጄ የባለቤታቸውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አስኬደችላቸው። ሴትዮዋ ቀኑ በእርሳስ የተጻፈበትን ፉርጎ ገልብጠው አነበቡና፣ ያ ቀን ምን ቀን እንደነበረ ለልጄ ነገሯት።

አባቴን በስልክ ጠይቄዋለሁ። ስለ ሎኮሞቲቩ ቀለም የጀመርነው ወሬ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ የመወጣጫው ደረጃ ስንት እንደነበርም ነግሮኛል። 12 ሚሊሜትሩን ሐዲድ ዛሬ አዝዣለሁ። ፉርጎ ቁጥር ሰባት፣ አካሉን ከፕላስቲክ ሉህ ስትቆርጥ የመስኮቶቹን ማዕዘን በምን እንዳለሰለስህ ብትነግረኝ።

ፉርጎ ቁጥር ሰባት

በመጀመሪያ በየማዕዘኑ በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅ፤ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በስለታም ቢላ ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብለህ መስመር አውጣ። በአንድ ጊዜ አትጫነው። ክብ የሆነ ቀጭን ሞረድ ማዕዘኑን ይጨርስልሃል።